ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ

አባቶቻችን የአገሪቱን ሥርዓት ባጭሩ ሲናገሩ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይሉ ነበር። አንዱ ይገዛል፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ያርሳል። የሚገርመው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ፈረንሳይ የነበሩ ጳጳሳትም ኅብረተሰባቸውን የሚጸልዩ፣ የሚዋጉና የሚሠሩ ብለው በሦስት ከፍለውት ነበር። ይህ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንን ምን ሰጣት? ምንስ ወሰደባት? ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የጣና ዳርቻ ይበቃናል። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ፤ ርስትና ጉልት። ርስት ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያቱ በዘር የሚወርሰው መሬት ነው። ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ንጉሡ ደመወዝ የሚከፍልበት በቂ ገንዘብ ስላልነበረው መኳንንቱን፣ ወታደሩንና ገዳማቱን ጉልት እየሰጠ ያሳድር ነበር። ገበሬው እህሉን፣ ማሩንና ጉልበቱን ለባለጉልቱ ያቀርባል። በአውሮፓ ብዙው ጭሰኛ ያለ ጌታው ፈቃድ ከመሬቱ መልቀቅ አይችልም ነበር። የእኛ ባለርስት በዚህ ይሻላል፤ ሸክሙ ግን ቀላል አልነበረም።

ጉልት መልካም ነገር አላፈራም ማለት ግን ስሕተት ነው። በዚያ ገቢ ብራና ተፍቋል፣ መጻሕፍት ተገልብጠዋል፣ ተማሪ ተምሯል፣ ድኻም ተመግቧል። ዛሬ በጣና ደሴቶች የምናያቸው የብራና መጻሕፍት በከፊል የዚያ ሥርዓት ፍሬ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ንጉሥ የሰጠውን ጉልት ንጉሥ መልሶ መንቀል ይችላል። ስለዚህ የንጉሡን ኃጢአት ያየ ካህን አፉን ከመክፈቱ በፊት ስለ ገዳሙ እንጀራ ማሰብ ነበረበት።

አስበውም ያልዘጉት ነበሩ። ከ1314 እስከ 1344 በነገሠው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን አባ አኖሬዎስና የደብረ ሊባኖሱ አባ ፊልጶስ ንጉሡን ፊት ለፊት ገሠጹት። ገድላቸው እንደሚተርከው ክሱ የአባቱን ሚስት አግብቷል የሚል ነበር። ዮሐንስ መጥምቁ ሄሮድስን የገሠጸበትን ነገር አስታወሳችሁ? መነኮሳቱ ተገረፉ፣ ተጋዙም። ከተሰደዱት አንዳንዶቹ ወደ ትግራይ፣ አንዳንዶቹ ወደ በጌምድርና ወደ ጣና አካባቢ ደረሱ። ንጉሡ ዝም ሊያሰኛቸው ሲበትናቸው በየደረሱበት አስተማሩ። የጣና ደሴቶችም በዚያው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የታወቁ የገዳም ማዕከሎች ሆኑ።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ትግል ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብርቱ ክንድ ነበራት። ጳጳሳቱ ሰፊ ርስት የያዙ መሳፍንት ስለነበሩ፣ ማን ይሹማቸው የሚለው ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ሆነ። በጥር 1077 የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ፣ በጳጳሱ በጎርጎርዮስ 7ኛ ተወግዞ፣ በካኖሳ ግንብ በር ላይ በብርድ ሦስት ቀን ቆሞ ይቅርታ ለመነ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ንጉሥ ጦሩን ይዞ ሮም ገባ፤ ጎርጎርዮስም በ1085 በስደት ሞተ። ያ ጠብ የሁለት ጌቶች ጠብ ሆኖ ነበር። አባ አኖሬዎስ ግን ሠራዊት አልነበረውም፤ የነበረው ቃል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ እንመለስ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን፣ በተለይም በፔድሮ ፓኤዝ፣ ትምህርት ተማርኮ በ1622 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ። ራሱ ማመኑ አንድ ነገር ነው። በ1626 ግን ከፓትርያርኩ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ሆኖ የሕዝቡን እምነት በአዋጅ ሊለውጥ ተነሣ። የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይሾም፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ ተባለ። አገሩ በዓመፅ ነደደ። በ1632 በወይና ደጋ ንጉሡ ከላስታ የመጡትን ዓመፀኞች ድል አደረገ፤ በሜዳው የወደቁት ሺዎች ግን የራሱ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በዚያው ዓመት የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

በዚህስ መገደዱ አበቃ? አላበቃም። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ተደብቀው የቀሩት ካህናት ተገደሉ፤ በካቶሊክ እምነት የጸኑ ኢትዮጵያውያንም በተራቸው ተሰደዱ። ትናንት የተገፋው ዛሬ ገፊ ሆነ። የእምነቱ ስም ቢለወጥም ሰይፉ ያው ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩላችሁ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ላይ ጣት እንድንቀስር አይደለም። በየካቲት 1967 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታወጀው የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ጭምር የሕዝብ አደረገው፤ ባለጉልትና ገባርም ቀሩ። ፈተናው ግን አልቀረም። ጉልት ዛሬ ሌላ መልክ አለው፤ ለአዳራሽ መሥሪያ የሚሰጥ ቦታ፣ በባለሥልጣን ጉባኤ የፊት ወንበር፣ የአንድ ባለጠጋ ምእመን ትልቅ ስጦታ። መቀበል ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ከተቀበልን በኋላ መናገር ያቆምነው ነገር ካለ፣ ስጦታው ዋጋ አስከፍሎናል ማለት ነው።

በዚህ ወር በኅብረታችሁ ስትሰበሰቡ ሁለት ነገር ተነጋገሩ። ናታን ለዳዊት እንደተናገረው፣ ለሚያበላን ሰው እውነትን መናገር እንችላለን? ደግሞስ ነገ ሥልጣን በእጃችን ቢገባ፣ እንደ እኛ ለማያምነው ጎረቤታችን የነፃነቱን ቦታ እንተውለታለን? ሁለተኛውን ቸኩላችሁ አትመልሱ። ሱስንዮስም ፋሲለደስም ለእውነት የቆሙ መስሏቸው ነበር።