ሰው ካልፈራ መልካም ይሆናል? ስለ ሲኦልና ስለ ነፍስ የተካሄደው ረጅም ክርክር

ልጅ ሆናችሁ አልተኛም ስትሉ «አያ ጅቦ መጣ!» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ወዲያው ዓይኔን ጨፍኜ ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ እስበው ነበር። ዘዴው ይሠራል፤ አንድ ችግር ግን አለበት። ልጁ አድጎ በር ላይ ጅብ እንደሌለ ያወቀ ቀን ምን ያስተኛዋል?

የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ይህ ጥያቄ ትልልቅ ክርስቲያን አሳቢዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት አስጨንቋል። እነሱ የተከራከሩት ስለ ጅብ ሳይሆን ስለ ሲኦል ነው። ኃጢአተኛ ከሞተ በኋላ የሚቀጣው ለዘለዓለም ነው ወይስ ቅጣቱ ማብቂያ አለው? ነፍስ በተፈጥሮዋ የማትሞት ናት ወይስ ልትጠፋ ትችላለች? ክርክሩን ስትከተሉት ግን ከኋላ የቆመ ሌላ ጥያቄ ታገኛላችሁ፦ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ለሕዝብ መንገር ይገባል ወይ? እስቲ አብረን እንየው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በአማርኛ ስናወራ «ሲኦል»ንና «ገሃነም»ን ብዙ ጊዜ አንድ አድርገን እንጠራቸዋለን። መነሻቸው ግን የተለያየ ነው። «ሲኦል» ከዕብራይስጡ «ሸኦል» ጋር አንድ ቃል ነው። በአብዛኛው ብሉይ ኪዳን ውስጥ ሸኦል ጻድቁም ኃጥኡም፣ ሙታን ሁሉ የሚወርዱበት ጨለማና ጸጥታ የሞላበት ስፍራ ነው። «ገሃነም» ደግሞ የእውነተኛ ቦታ ስም ነው፤ ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለው የሄኖም ሸለቆ። ዛሬም ሄዳችሁ ልትቆሙበት ትችላላችሁ። በነቢዩ ኤርምያስ ዘመን ሰዎች በዚያ ሸለቆ ልጆቻቸውን በእሳት ይሠዉ እንደነበር መጽሐፍ ቅዱስ ይናገራል። እያደር የሸለቆው ስም የመጨረሻው ፍርድ እሳት መጠሪያ ሆነ።

«ነፍስ» የሚለውም ቃል የራሱ ታሪክ አለው። በዕብራይስጥ «ነፌሽ» ይባላል፤ ከእኛው ቃል ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። ነፌሽ ትንፋሽን፣ ጉሮሮን፣ ሕይወት ያለውን ፍጡር ሁሉ ያመለክታል። ከሥጋ ተለይታ ለብቻዋ ስለምትኖር የማትሞት ነፍስ በሰፊው ያስተማረው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፕላቶ ነው። «ፋይዶን» በተባለው መጽሐፉ፣ ሶቅራጥስ መርዙን ሊጠጣ ሰዓታት ሲቀሩት ነፍስ እንደማትሞት ለወዳጆቹ ሲያስረዳ እናነባለን።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እነዚህን ሁለት ቅርሶች ይዘው ነው የተነሡት። ሁለቱን እንዴት እንደሚያዋሕዱ ደግሞ አልተስማሙም።

ሦስት መልሶች

በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖሩት ዮስጢኖስ ሰማዕትና ተማሪው ታቲያን፣ ነፍስ በራሷ የማትሞት አይደለችም፤ ሕይወቷ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብለው ጻፉ። በ300 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን አፍሪካ የኖረው አርኖቢዮስ ደግሞ ከዚያ ራቅ ብሎ ሄደ፤ የክፉዎች ነፍስ በእሳቱ ውስጥ ጨርሶ ትጠፋለች አለ። ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው፦ መጥፋት።

ሁለተኛው መልስ ከእስክንድርያ መጣ። በ185 ዓ.ም. አካባቢ የተወለደው ኦሪጀን የፍርዱን እሳት ከሐኪም ሥራ ጋር አነጻጸረው። ሐኪም ቁስልን የሚተኩሰው ለማዳን ነው፤ የእግዚአብሔር ቅጣትም እንደዚያው ያነጻል፤ በመጨረሻም ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በክብር የሚጠራው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፏል። በአንድ መጽሐፉ ውስጥ ከእህቱ ከማክሪና ጋር፣ እሷ በሞት አልጋ ላይ ሆና፣ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ሲነጋገሩ እናገኛቸዋለን። አስተማሪዋ እህት ናት፤ ጠያቂው ጳጳሱ ወንድም።

ሦስተኛው መልስ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፦ የኃጢአተኞች ቅጣት ማብቂያ የለውም።

አሁን ኦሪጀን የሠራውን ነገር ልብ በሉ። ኬልሶስ ለተባለ የክርስትና ተቃዋሚ በጻፈው መልስ ላይ ስለ ቅጣቱ ዓላማ ሁሉን ዘርዝሮ መጻፍ አደገኛ ነው ይላል። ምክንያቱስ? አብዛኛው ሰው ከክፋት የሚገታው በዘለዓለም ቅጣት ፍርሃት ነው፤ እሱም ቢሆን በጭንቅ። ስለዚህ ለብዙኃኑ «ኃጢአት ያስቀጣል» ማለት ይበቃል። አያችሁት? አያ ጅቦ ገና በሦስተኛው መቶ ዓመት ክርክሩ ውስጥ ገብቷል።

ኦገስቲንና የፒኮክ ሥጋ

ሦስተኛውን መልስ በምዕራቡ ዓለም እንዲጸና ያደረገው የሂፖው ጳጳስ ኦገስቲን ነው። ሂፖ በዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ አናባ የምትባለው ከተማ ናት። ኦገስቲን «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው ትልቅ ሥራው ውስጥ ሃያ አንደኛውን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠው።

ተቃዋሚዎቹ «ሥጋ በእሳት እየነደደ ሳያልቅ እንዴት ይኖራል?» ይሉ ነበር። ኦገስቲን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሙከራ ሠራ! ካርታጎ በተባለችው ከተማ ሳለ የተጠበሰ የፒኮክ ሥጋ ቀረበለት። ሥጋው እንደማይበሰብስ ሰምቶ ስለነበር ከደረቱ ቁራጭ አስቀመጠ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ አየው፤ አልሸተተም። ከዓመት በኋላም አየው፤ ትንሽ ደርቆ ተጨማትቶ ነበር እንጂ አልሸተተም። በእሳት ውስጥ ትኖራለች ስለምትባለው ሰላማንደርም፣ እየነደዱ ስለማያልቁት የሲሲሊ እሳተ ገሞራ ተራሮችም ጻፈ። ተፈጥሮ ይህን ከቻለች ፈጣሪዋ እንዴት ያቅተዋል? ነው ነገሩ።

ዛሬ ሰላማንደር በእሳት ውስጥ እንደማትኖር እናውቃለን። የፒኮኩም ነገር ቋንጣ ሰቅሎ ለሚያውቅ ቤተሰብ ብዙ አያስደንቅም። ኦገስቲንን የምናደንቀው ግን ከባድ ጥያቄ ሲቀርብለት «ዝም በሉ» ባለማለቱ ነው፤ መልስ ፍለጋ ወጥቷል።

ከፒኮኩ የበለጠው ክርክሩ ግን የቋንቋ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መጨረሻ ላይ ስለ ኃጢአተኞች ቅጣትም ስለ ጻድቃን ሕይወትም የተነገረው «የዘለዓለም» በሚል በአንድ ቃል ነው። ቅጣቱ ያልቃል ካልክ ሕይወቱም ያልቃል ማለትህ ነው፤ አንዱን ይዘህ ሌላውን መተው አትችልም አለ። የዚያ ወገን ሰዎች መልሳቸው ቃሉ የመጣው «ዘመን» ከሚል የግሪክ ቃል ነው የሚል ነበር፤ ስለዚህ «የሚመጣው ዘመን ቅጣት» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። «ዘለዓለም» የሚለውን ቃላችንን ብትከፍቱት ውስጡ «ዓለም» አለ፤ ዓለም ደግሞ በግእዝ ዘመንም ይሆናል። በአንድ ቃል ላይ የተነሣው ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

በ543 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የኃጢአተኞች ቅጣት ጊዜያዊ ነው የሚሉትን የሚያወግዝ አዋጅ አወጣ። የኦሪጀን ስም በ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤም ተወገዘ። የኢትዮጵያ፣ የግብጽና የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስለተለዩ ይህን ጉባኤ አይቀበሉም፤ ይህ ማለት ግን የኦሪጀንን ትምህርት ተቀበሉ ማለት አይደለም።

ከአደባባይ ወደ ሹክሹክታ

አዋጅ ሲወጣ ጥያቄው ይሞታል? አልሞተም። በ1513 በሮም የተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ነፍስ ሟች ናት የሚሉትን አወገዘ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1516 የቦሎኛ መምህር የነበረው ፒየትሮ ፖምፖናዚ የነፍስን አለመሞት በአእምሮ ምርምር ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ብሎ ጻፈ። በእምነት እቀበለዋለሁ አለ፤ በፍልስፍና ግን አይረጋገጥም። መጽሐፉ በቬኒስ ተቃጠለ።

የፖምፖናዚ ሐሳብ በቀጥታ ወደ ጥያቄያችን ይወስደናል። ሞግዚት ሕፃኑን ለጥቅሙ ስትል እንደምታባብለው፣ ሐኪምም በሽተኛውን ለማዳን አንዳንድ ነገር እንደሚፈጥርለት፣ ሕግ አውጪዎችም ሕዝብ እንዲታረም ብለው ስለ ወዲያኛው ዓለም ያስተምራሉ አለ። ከዚያም ጨመረ፦ የመልካም ሥራ እውነተኛ ዋጋው ራሱ መልካም ሥራው ነው፤ ፈርቶ ከሚታረም ሰው ይልቅ መልካሙን ወዶ የሚሠራው ይበልጣል።

ሌሎች ደግሞ የኦሪጀንን መንገድ መረጡ፤ ሹክሹክታን። እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ በርኔት የዘለዓለም ቅጣት ለእግዚአብሔር ቸርነት አይስማማም ብሎ ያምን ነበር። የጻፈው ግን ሕዝቡ በማያነበው በላቲን ነው። በልባችሁ የፈለጋችሁትን ብትወስኑም ለሕዝቡ የተለመደውን ትምህርት ንገሩት ብሎም አስጠነቀቀ። በርኔት በ1715 ሞተ፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ምን ሆነ? ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ! ምስጢር ከታተመ ምስጢርነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ፍርድ ቤት የደረሰው ሲኦል

በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ አደባባይ ወጣ። በ1853 የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መምህር የነበረው ፍሬደሪክ ዴኒሰን ሞሪስ «ዘለዓለም» የሚለው ቃል የጊዜ ርዝመት አይደለም ብሎ በመጻፉ ከሥራው ተሰናበተ። በ1860 ደግሞ ሰባት ጸሐፊዎች ያዘጋጁት «ድርሰቶችና ግምገማዎች» የተባለ መጽሐፍ ወጣ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቄስ ሄንሪ ብሪስቶ ዊልሰን በመጨረሻ ሁሉም ምሕረት ያገኛል የሚል ተስፋ በመግለጹ ተከሰሰ። ጉዳዩ እስከ መጨረሻው የይግባኝ ችሎት ደረሰ። በ1864 ዳኞቹ፣ አንድ ቄስ እንዲህ ዓይነት ተስፋ ቢገልጽ የቤተ ክርስቲያኗን ሕግ አልጣሰም ብለው ፈረዱ። ቀልደኞች «ዳኛው ሲኦልን ወጪና ኪሣራ አስከፍሎ አሰናበተው» አሉ።

ያልሳቁም ነበሩ። ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ቄሶች የኃጥኣን ቅጣት ዘለዓለማዊ ነው በሚል መግለጫ ላይ ፈረሙ። እነዚህን ሰዎች ጨካኞች ብላችሁ አትለፏቸው። ብዙዎቹ ሰውን ከእውነተኛ አደጋ እያስጠነቀቁ እንደሆነ ከልባቸው ያምኑ ነበር። ገደል ያለበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል ክፉ የሚሆነው እሱ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ጻድቅ አምላክ ለአጭር ዕድሜ ጥፋት ማብቂያ የሌለው ቅጣት ይሰጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት ፍትሕን ነው፤ ሁለቱም የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ነው።

በብራና ላይ የተጻፈው ምስጢር

የታሪኩ መጨረሻ ወደ አገራችን ይመልሰናል። በሁለተኛው መቶ ዓመት «የጴጥሮስ ራእይ» የሚባል መጽሐፍ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ይነበብ ነበር። ጴጥሮስ የኃጢአተኞችን ሥቃይ በዝርዝር ሲያይ የሚተርክ አስፈሪ መጽሐፍ ነው። ኋላ ላይ ከቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ውጭ ቀረና ጠፋ። በ1880ዎቹ በግብጽ ከአንድ መቃብር የግሪክኛ ቁራጩ ተገኘ፤ ሙሉው መጽሐፍ ግን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየው አንቷን ዳባዲ ከ200 በላይ ብራናዎች ሰብስቦ ነበር፤ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሲልቫን ግሬቦ የተባለ ፈረንሳዊ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አሳተመው። የጠፋው የጴጥሮስ ራእይ መሆኑን በ1910 ገደማ የለየው የካምብሪጁ ኤም. አር. ጄምስ ነው። ሰውየው የሙታን መንፈስ ታሪኮችን በመጻፍም ዝነኛ ነበር።

የሚገርመው ቀጥሎ ነው። በኋላ የታወቀ አንድ ጥንታዊ የግሪክኛ ቁራጭ ላይ፣ ጻድቃን ስለ ኃጢአተኞች ሲለምኑ ክርስቶስ ከቅጣቱ እንደሚያወጣላቸው ተጽፏል። በግእዙ ላይ ያ ቦታ ሌላ ሆኖ ይነበባል፤ የምሕረቱ ነገር ግልጽ አይደለም። ከራእዩ ጋር ተያይዞ በተጻፈው ክፍል ግን ጴጥሮስ ስለ ኃጢአተኞች እያዘነ ይጠይቃል፤ ስለ ምሕረት አንድ ምስጢር ይነገረዋል፤ ኃጢአተኞች ሰምተው ይብሱን እንዳይበድሉ እንዲሰውረውም ይታዘዛል።

ኦሪጀን ያለው፣ በርኔት የደገመው ይኸው ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የግእዝ ጸሐፊ ግን ብርዑን ቀለም እያጠቀሰ፣ ምስጢሩንም «ሰውረው» የሚለውንም ትእዛዝ ጎን ለጎን ጻፋቸው፤ ያነበበ ሁሉ እንዲያያቸው።