ስትረስ፦ የድምፅ ጫና

በእንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ ጎላ፣ ረዘም፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህ «ስትረስ» ይባላል፤ እኛ «የድምፅ ጫና» ብለነዋል። «ጥብቀት» ያላልነው ቃሉ ባለቤት ስላለው ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «እስካሁን» የሚሆነው በተነባቢው ነው። ጫና ግን የሚያርፈው በክፍለ ቃል ላይ ነው።

ክፍለ ቃል (ሲላብል) በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰባሰብ ድምፅ ነው። ሆሄ በመቁጠር አይገኝም። «ትምህርት» አምስት ሆሄ ቢኖረውም ሲነገር «ትም-ህርት» ነው፤ ሁለት ብቻ። «ስትሪት» በፊደላችን አራት ሆሄ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን አንድ ክፍለ ቃል። ለመቁጠር መዳፍዎን ከአገጭዎ ሥር አድርገው ቃሉን በቀስታ ይጥሩ፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ይበሉ።

ቀጥሎ ጫናውን መፈለግ ነው። እኛ «ፎቶግራፍ» ስንል ሁሉንም እኩል እንጠራለን። በእንግሊዝኛ ግን ፎ-ተ-ግራፍ ነው፤ ጫናው «ፎ» ላይ። ባለሙያው ፈ-ቶግ-ረ-ፈር ሲባል ወደ «ቶግ»፣ ቅጽሉ ፎ-ተ-ግራ-ፊክ ሲባል ወደ «ግራ» ይሻገራል። ጫና ያጣው አናባቢ ብዙውን ጊዜ ደክሞ ወደ ግዕዙ «ኧ» ይጠጋል፤ መጀመሪያ «ፎ» የነበረው በባለሙያው ስም «ፈ» የሆነው ለዚህ ነው።

ለረጃጅም ቃላት መድረሻቸው ፍንጭ ይሰጣል። በ«ሽን» ወይም በ«ኢክ» ካበቁ ጫናው አብዛኛውን ጊዜ ከመድረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፦ ኤ-ጁ-ኬ-ሽን «ኬ» ላይ፣ ኢ-ከ-ኖ-ሚክ «ኖ» ላይ። በ«ኢቲ» ካበቁ ከኋላ ሦስተኛው ላይ ነው፦ ዩ-ኒ-ቨር-ሲ-ቲ «ቨር» ላይ። የሚያፈነግጡም አሉ፤ «አረቢክ» ጫናው መጀመሪያው «አ» ላይ ነው።

ጫና ትርጉምም ይለያል፤ «ሪከርድ» ስም ሲሆን የመጀመሪያው፣ «መቅዳት» የሚል ግስ ሲሆን ሁለተኛው ክፍለ ቃል ይጎላል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው፤ የእኛ ጽሕፈት ጥብቀትን እንደማያሳይ ሁሉ የእነሱም ጫናን አያሳይም። የሚያሳየው መዝገበ ቃላት ነው፤ በብዙዎቹ ጫና ካለው ክፍለ ቃል በፊት ከፍ ብላ የቆመች ትንሽ ጭረት አለች። አዲስ ቃል ሲያጠኑ ከትርጉሙ በፊት እሷን ይፈልጉ።