የድሬዳዋ ማሽላና የሕዋስ ኃይል

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ ነው። ስለ ከተማዋ ሲጻፍ ስለ እንፋሎት ባቡሩ ብዙ ይነገራል፤ በዙሪያዋ ላለው ገበሬ ዋና እህሉ ስለ ሆነው ስለ ማሽላ ግን እምብዛም አይነገርም። ሆኖም የማሽላ ታሪክ እጅግ ይቀድማል። በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አካባቢ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ማሽላ ከ5,000 ዓመት በፊት ይዘራ እንደ ነበር ያስረዳሉ።

ማንኛውም አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። የተክሉም ሆነ የበላተኛው ሕዋስ ይህን ስኳር በኦክሲጅን አማካይነት ቀስ በቀስ እያፈረሰ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል መያዣ ያበጃል፤ በእርሱም ያድጋል፥ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ሙቀት ሲበረታ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኤንዛይም እየተሳሳተ ኦክሲጅንን ይይዛል። ስንዴን የመሰለ ተክል በዚህ ምክንያት ከያዘው ኃይል ከፊሉን ያባክናል።

ማሽላ ሌላ መንገድ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ አራት ካርቦን ባለው አሲድ ይይዝና የቅጠሉን ሥሮች በከበቡት ሕዋሳት ውስጥ ያከማቸዋል። ኤንዛይሙም ከዚያ በኋላ እምብዛም አይሳሳትም፤ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን አጥብቦ ውኃ ይቆጥባል። ለዚህ ተጨማሪ ኤቲፒ ያወጣል፤ በሞቃት አገር ግን ትርፉ ይበልጣል። ይህን መንገድ ሃችና ስላክ የተባሉ ሊቃውንት በአውስትራሊያ በሸንኮራ አገዳ ላይ መርምረው በ1966 እ.ኤ.አ. ገለጹት።

ይሁን እንጂ የተጠራቀመው ኃይል ሌባ አለው። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይስባል፤ የገበሬውም ድካም ከንቱ ይሆናል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይበቅላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ከድሬዳዋ ብዙ ከማይርቀው ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ዝርያዎችን ለይተው አዳቀሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ገበሬው የሕዋስን ስም ሳያውቅ በድርቅ ዓመት የጸናውን ዛላ ለዘር እየመረጠ ማኖሩን ነው። ሳይንስ ምክንያቱን ያስረዳው ዘግይቶ ነው፤ አዳቃዩም የሚነሣው ገበሬው ካቆየው ዘር ነው። ያ ዘር ከጠፋ ሊቁም የሚጀምርበት አይኖረውም። ስለዚህ የድሬዳዋን ታሪክ የሚያጠና ሰው የባቡሩን መዝገብ ሲመረምር የገበሬውን ጎተራም ቢመለከት ይገባዋል።