አስታማሚ

አስታማሚ ማለት የታመመ ወይም ራሱን መርዳት ያቃተው ሰው አጠገብ ሆኖ የሚመግብ፣ የሚያጥብ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ሌሊት የሚነቃለትና ስለ እርሱ ከሐኪም ጋር የሚነጋገር፣ ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመድ የሆነና ለድካሙ ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ነው። በኢትዮጵያ ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው በእናት፣ በሚስት፣ በሴት ልጅና በእህት ላይ ሲሆን፣ ወንዶች ይበልጥ የሚታዩት ሕመምተኛውን በማመላለስ፣ የሕክምና ገንዘብ በመፈለግና ሆስፒታል በማደር ነው። ስለ ሕመምተኞች ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ አስታማሚዎች በጽሑፍ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ጉዳይ ጥናት ውስጥ፣ ስለ እድር፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ አእምሮ ሕመም በሚነገርበት አጋጣሚ ነው።

ቃሉ

“አስታመመ” የሚለው ግስ ከ“ታመመ” የወጣ ሲሆን፣ የሁለቱም መነሻ “ሕማም” እና “ሕማማት” የሚሉትን ቃላት የሰጠው የግእዝ ሥር ነው። ከዚሁ ሥር “አሳመመ” የሚል ሌላ ግስም ይገኛል፤ እርሱ ግን ሕመም ማድረስን ስለሚያመለክት፣ ሁለቱ ግሶች በመልክ ዘመዳሞች፣ በትርጉም ግን ተቃራኒዎች ሆነው ቀርተዋል። አማርኛ ሕመምተኛን የመርዳትን ሥራ ከሕመሙ ስም ማውጣቱ፣ አስታማሚው የሕመሙ ተካፋይ ተደርጎ ከመታየቱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ከሕክምና ውጭም ይሠራበታል፤ የከረረ ነገርን ሳያባብሱ፣ በትዕግሥት መያዝ “ማስታመም” ይባላል።

አስታማሚን ከሁለት ተቀራራቢ ስሞች መለየት ያስፈልጋል። “ጠያቂ” መጥቶ የሚሄድ ሲሆን፣ አስታማሚ ግን የሚቀር ነው። በመሥሪያ ቤት ጽሑፎች እየተለመደ የመጣው “ተንከባካቢ” ደግሞ ተቀጥሮ የሚሠራውንም ሰው ስለሚጨምር፣ የዝምድናውን ነገር አይገልጽም።

ጥየቃ

የታመመን መጠየቅ በኢትዮጵያ ውስጥ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የሃይማኖት ግዴታ መልክ አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን ከሚቆጠሩት በጎ ሥራዎች አንዱ ነው፤ በእስልምናም በሐዲስ ውስጥ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት መብቶች መካከል ይጠቀሳል። ጠያቂው “እግዚአብሔር ይማርሽ” ወይም “አላህ ያሽርህ” ብሎ ይገባል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ለስላሳ፣ አንዳንዴም ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ቀጥኖ የተሠራ ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል።

ጥየቃ ለአስታማሚው የሚሰጠው እርዳታ ሁለት ገጽ ያለው ነው። በአንድ በኩል ምግብና ገንዘብ ያመጣል፣ ለጥቂት ሰዓታትም አስታማሚውን የሚተካ ሰው ያስገኛል። በሌላ በኩል ግን፣ በተለይ ሕመምተኛው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ እንግዳ መቀበል፣ ቡና ማፍላትና የሕመሙን ታሪክ ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደገና መናገር የሚወድቀው በአስታማሚዋ ላይ ነው። ጠያቂው የሚጠይቀውም ስለ ታማሚው ነው፤ አስታማሚዋ ራሷ እህል መቅመሷንና መተኛቷን የሚጠይቃት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አስታማሚ ወይም አስታምሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሆስፒታል

በመንግሥት ሆስፒታሎች ተኝቶ የሚታከም ሰው አስታማሚ እንዲኖረው የሚጠበቅ ሲሆን፣ ምክንያቱም የነርሶች ቁጥር ከሕመምተኛው ብዛት ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ካርድ የሚያወጣው፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ የራጅ ውጤት የሚቀበለው፣ በግቢው ፋርማሲ የጠፋውን መድኃኒት ከተማ ውስጥ ፈልጎ የሚገዛው አስታማሚው ነው። ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝ ምትክ ደም የሚሰጡ ዘመዶችን ማሰባሰብም ለረጅም ጊዜ የእርሱ ተግባር ሆኖ ቆይቷል። አንድ ገጠር ውስጥ ያደገ ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲገባ ይህን ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መማር አለበት፤ የሚያስተምሩትም ቀድመውት የገቡ አስታማሚዎች ናቸው።

የትምህርቱ ዋና ሰዓት ከምሽት በኋላ ያለው ነው። ጠያቂ ከወጣ በኋላ አስታማሚዎቹ በአልጋው ሥር ካርቶን ወይም ስስ ፍራሽ ዘርግተው፣ ወይም በወንበር ላይ ጋቢ ተከናንበው ያድራሉ። በዚህ ሰዓት ነባሯ ለአዲሷ ጉሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርስ መጥራት እንዳለባት፣ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንደሚገለበጥ፣ ሲገለበጥም ትራስ በጉልበቶቹ መካከል እንደሚገባ፣ ለመዋጥ የተቸገረውን ሰው አስተኝቶ ማብላት እንደማይገባ ታሳያታለች። አንዷ ልብስ ልታጥብ ወይም ልትታጠብ ስትወጣ ሌላዋ ሁለቱንም ሕመምተኞች ትጠብቃለች። ከቤት የመጣው እንጀራ ለብቻ አይበላም፤ ከአራት ወይም ከአምስት አልጋ የመጡት አስታማሚዎች ከአንድ ሳህን ይቆርሳሉ። በስም ሳይተዋወቁ “የሦስት ቁጥሩ እናት”፣ “የጥጉ ልጅ እህት” እየተባባሉ ሳምንታት አብረው ይቆያሉ። “እንዴት አደረ?” የሚለው የጠዋት ጥያቄ በዋርዱ ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ነው፤ መልሱ ተጠብቆ፣ ተሰምቶ፣ ቀኑን ሙሉ ይታሰባል።

“አይዞሽ” የሚለው ቃል በዚህ ሥፍራ ያለው ክብደት ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። አስታማሚዎች ስለ ሕመሙ መጨረሻ እርስ በርስ ተስፋ አይሰጣጡም፤ ሁሉም የሚያየውን ያያልና። ቃሉ ሥራ ላይ የሚውለው ገንዘብ ያለቀ ዕለት፣ ውጤቱ የዘገየ ዕለት፣ ወይም ከጎን ያለው አልጋ በድንገት ባዶ የሆነ ዕለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ኩባያ ሻይ ጋር ይመጣል።

የሚደበቀው ውጤት

ካንሰርን በመሰሉ ከባድ ሕመሞች ጊዜ ቤተሰብ ውጤቱ ለሕመምተኛው እንዳይነገር ሐኪሙን መለመኑ የተለመደ ነው። ልማዱ መርዶ በጊዜውና በሰው ተከብቦ ሊነገር ይገባዋል ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል። የልማዱ ዋጋ የሚከፈለው ግን በአስታማሚው ነው፤ እርሱ ያወቀውን ይዞ ፊቱን ሳይለውጥ መመገብ፣ መቀለድና ስለ ወደፊቱ ማውራት ይጠበቅበታል። ይህን ምስጢር ለቤተሰቡ አባላት መንገር ስለሚያስቸግር፣ በኮሪደር ለተዋወቀ ሌላ አስታማሚ መናገር ለብዙዎች ብቸኛው መተንፈሻ ይሆናል።

እድርና አስታማሚ

እድር አባላቱ በየወሩ መዋጮ እየከፈሉ ሞት በደረሰ ጊዜ በገንዘብ፣ በድንኳን፣ በዕቃና በጉልበት የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጥሩምባ ነፊ ይኖሩታል። ስለ አመጣጡ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። አንደኛው ወገን እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ በተለይም የጉራጌ ተወላጆች፣ ከአገር ቤት ርቀው ሲሞቱ ቀባሪ እንዳያጡ ያቋቋሙት የከተማ ማኅበር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ ቤተሰብን በመበተኑና ሰዎችን ከመንደራቸው በማፈናቀሉ እድር ያኔ እንደ ተስፋፋ ያስረዳል። ሦስተኛው ደግሞ በገጠር ከዚያ በፊት የነበረው በጋራ የመቅበር ልማድ ወደ ከተማ ሲገባ መዝገብና መዋጮ እንደ ተጨመረበት ይገምታል።

ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ልማዶች ላይ የጻፉት ጽሑፍ በዚህ መስክ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ አሉላ ፓንክረስትና ዳምን ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የእድርን ታሪክ ኤችአይቪን በመከላከል ረገድ ሊኖረው ከሚችለው ድርሻ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ስለ አመጣጡ የተሰነዘሩት ሦስቱ አስተያየቶች እርስ በርስ የግድ አይጋጩም፤ የመቅበር ልማዱ የቆየ፣ የማኅበሩ መልክ ግን የከተማ፣ መስፋፋቱም የወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ውጤት ሊሆን ይችላል።

ለአስታማሚ ግን ከአመጣጡ ይልቅ የሚያሳስበው የእድር ገንዘብ መቼ እንደሚወጣ ነው። በአብዛኞቹ እድሮች ሕግ ክፍያው የሚፈቀደው ሰው ሲሞት ነው። አንዲት ሴት ባሏን ሦስት ዓመት ስታስታምም ጎረቤቶቿ በግል ቢረዷትም፣ የማኅበሩ ሣጥን የሚከፈተው ባሏ ሲያርፍ ነው። ሁሉም እድሮች እንዲህ ናቸው ማለት አይደለም፤ ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ያወጡት ጥናት፣ አንዳንዶቹ ለሕመምና ለሌላ አደጋም ብድር ወይም እርዳታ እንደሚሰጡ አሳይቷል። የኤችአይቪ ሥርጭት በከፋባቸው ዓመታትም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ እድሮች አባሎቻቸውን መቅበር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳሉ መርዳት እንዳለባቸው መነጋገር ጀምረው፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ከሚሰጡ ድርጅቶች ጋር ሠርተዋል። ይህ አባልን በሕይወት ሳለ የመርዳት አሠራር በሁሉም እድሮች ቢዳረስ ኖሮ የብዙ አስታማሚዎች ሸክም ሊቀል ይችል ነበር።

ከአስታማሚነት የተወለዱ ማኅበራት

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በግልጽ ወጥተው የተደራጁባቸው መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተቋቋሙ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የማስታመም ሥራ በአብዛኛው እስከ ሞት መሸኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በጽኑ የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሕመም የማስታገስ አገልግሎት ይሰጣል፤ አስታማሚዎችንም ያሠለጥናል።

በካንሰር በኩል፣ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው፣ ማቲዎስ የተባለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተዋል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሕመምተኛና አስታማሚው ተራ እስኪደርሳቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያርፉበት ቦታ ማግኘት ዋና ጭንቀታቸው ሆኖ ቆይቷል። የማቲዎስ ወንዱ ሶሳይቲም ሆነ በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት “ተስፋ አዲስ” የተባለው ማኅበር ማረፊያ ቤቶችን ያዘጋጁት ለዚህ ነው። በነዚህ ቤቶች እናቶች አብረው ያበስላሉ፤ ልጇ ሕክምና ጀምሮ ፀጉሩ የረገፈባት እናት ገና ለመጣችው የሚጠብቃትን ትነግራታለች።

ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በመገናኛ ብዙኃን ደጋግመው በመናገራቸው፣ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ደብቀው ያቆዩ ወላጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ አድርገዋል።

የአእምሮ ሕመም

በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበር፣ አብዛኛው ሕመምተኛ የኖረው በቤተሰቡ እጅ ወይም ከአስታማሚው ጋር በጸበል ሥፍራ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች ጠይቆ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደ ደረሰባቸው መናገራቸውን አረጋግጧል። ይህ መገለል ጥየቃን ያስቀራል፤ ወባ ለያዘው የሚመጣው ጎረቤት አእምሮውን ለታመመው አይመጣም። ከዚያ በኋላ በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በወጣ ሙከራ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን የደገፉ ሲሆን፣ የቤተሰብ መደጋገፊያ ቡድኖችም የሥራው አካል ነበሩ። ውጤቱ የሕመምተኞቹ የዕለት ተዕለት ችግር መቀነሱን አሳይቷል።

በውጭ አገር

በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጥየቃ በማኅበረ ምእመናንና በእድር ቀጥሏል። ልጅ በውጭ፣ ወላጅ በአገር ቤት በሆነበት ቤተሰብ ደግሞ የሩቁ ገንዘብ ይልካል፣ የቅርቡ ያስታምማል።

በሕግ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ እንዲሁም ወንድምና እህት ለተቸገረው ወገናቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ሲደነግግ፣ በቀለብ ውስጥ የጤና እንክብካቤንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነቱ በቤተሰብ በመሆኑ የሕክምና ወጪን ያቃልላል፤ የአስታማሚው የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የቀረ የሥራ ቀን ግን በራሱ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ ሲሞት የ3 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ዘመዱ ታሞ በሕይወት ሳለ ለማስታመም በስም የተለየ ፈቃድ የለም፤ ከዓመት ዕረፍቱ ሌላ ሊጠይቅ የሚችለው ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የተደነገገውን ነው፤ እርሱም እስከ 5 ተከታታይ ቀናት፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ ያለ ደመወዝ ነው።