ፈተና ያለፈውና ያልተፈተነው

4,096 ባይት የሚመዝን አንድ ፋይል እንውሰድ። ዩኒክስ በተባለው የድሮ ስርዓተ ክወና ላይ «ዱ» የምትባለውን ትእዛዝ፣ ይህ ፋይል ዲስኩ ላይ ምን ያህል ቦታ ያዘ ብለን ብንጠይቃት 8 ትላለች። የሪቻርድ ስቶልማን የግኑ ፕሮጀክት የሠራትን «ዱ» ብንጠይቅ ደግሞ 4። ሁለቱም አልዋሹም። አንዷ በ512 ባይት ቁና ትሰፍራለች፣ ሌላዋ በ1,024።

ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች እንዲመሩበት የወጣው ፖዚክስ የተባለው ደረጃ ለ512ቱ ፈረደ። ለስቶልማን ግን አልተዋጠለትም፤ ዛሬ ሰው በኪሎባይት እያሰበ በድሮ ዲስክ ክፋይ ልስፈርለት? አለና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አበጀ። ደረጃውን በጥብቅ እንከተል የሚል ሰው ማብሪያውን ያበራል፣ ሌላው እንደለመደው ይኖራል። የማብሪያው የመጀመሪያ ስም ለጋዜጣ የማይሆን ቀልድ ነበር፤ በኋላ ለዘብ ብሎ «ፖዚክስሊ ኮሬክት» ተባለ። የሚገርመው፣ «ፖዚክስ» የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ስቶልማን ነው። ደረጃውን ያረቀቀው ኮሚቴ ለሰነዱ አፍ ላይ የሚቀል ስም ሲያጣ የክርስትና አባት የሆነው እሱ ነበር።

ኮሚቴ ድረስ ያደረሰው ጣጣ የቆየ ነው። ዩኒክስ በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቤል ቤተ ሙከራ ተወለደ። ባለቤቱ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ስምምነት የተነሳ ወደ ኮምፒውተር ንግድ መግባት ስለማይችል፣ ምንጭ ኮዱን ለዩኒቨርሲቲዎች በርካሽ ለቀቀው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጨመረበት፤ ኩባንያዎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን። በ1980ዎቹ ሁሉም ዩኒክስ ነኝ ይላል፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሌላው ላይ እንቢ ይላል። በ1988 የመጀመሪያው የፖዚክስ ደረጃ ወጣ። የአሜሪካ መንግሥትም ፊፕስ 151 ብሎ የግዢ መስፈርት አደረገው። ለመንግሥት መሸጥ የሚፈልግ ፈተና አልፎ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይምጣ ተባለ።

ፈተናው እንዴት ያለ ነበር? የደረጃው ዓረፍተ ነገር እየተመነዘረ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ነጠላ አባባል ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፍለታል። ለምሳሌ ደረጃው፣ «አዲስ ፍጠር፣ ካለ ግን ተው» ተብሎ ፋይል ሲከፈት ፋይሉ ቀድሞ ካለ ጥያቄው ይውደቅ ይላል። ፈታኙ ፋይሉን አስቀድሞ ይፈጥራል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ሲስተሙ እንቢ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን «ፋይሉ አለ» ብሎ በትክክለኛው የስህተት ኮድ መናገር አለበት። እንቢ ብሎ ሌላ ሰበብ ከሰጠ ወደቀ። ፈቃድ በማጣት የሚከለከሉ ጥያቄዎችን ደግሞ እንደ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ መሞከር ግድ ነው፤ ለአስተዳዳሪው በሩ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ምንም አይገለጥም። ውጤቱም ማለፍና መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ «አልተቋጨም»፣ «አይደገፍም»፣ «አልተፈተነም» የሚሉም ነበሩበት።

ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ከዩኒክስ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ሆኖም በውስጡ የፖዚክስ ክፍል ተሰርቶለት ነበር፤ 3.5 የተባለው እትም ፈተናውን አለፈ። ግን ፈተናው የሚጠይቀውን ብቻ ነበር የተማረው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ስክሪን ላይ መስኮት መክፈት፣ ከኔትወርክ ጋር መነጋገር አይችልም። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መኪናውን ከግቢ የማያወጣ ሰው ማለት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲመጣ ክፍሉ ቀረ፤ አልቃሽም ብዙ አልነበረው።

ስሙ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። «ዩኒክስ» የሚለው የንግድ ምልክት በ1990ዎቹ ኖቬል ከተባለው ኩባንያ እጅ ወጥቶ፣ ዛሬ ኦፕን ግሩፕ በሚባለው ተቋም እጅ ገባ። አፕል ማክ ኦኤስ ቴንን ሳያስመዘግብ ዩኒክስ ሲለው ተቋሙ ከሰሰው። የ2007ቱ ሊዮፓርድ እትም ተፈትኖ አለፈ፤ ያለፈበት ዘዴ ደግሞ የሚደነቅ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ አንዳንድ ተግባራት በሁለት መልክ ተቀመጡ፤ አንዱ እንደነበረ፣ ሌላው «ዩኒክስ 2003» የሚል ቅጥያ ተለጥፎበት እንደ ደረጃው።

ዩኒክስን መስሎ የተሠራው ሊኑክስስ? ከቻይና የኢንስፐርና የሁዋዌ እትሞች ተመዝግበው ያውቃሉ። ሌላው አብዛኛው ሊኑክስ ፈተና ክፍል ገብቶ አያውቅም። ምስክር ወረቀቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሚሰጠውም ለዚህ እትም፣ በዚህ ማሽን ላይ ተብሎ ነው። በየጊዜው የሚለዋወጥ ሲስተም ያንን ማሳደድ አይሆንለትም። ግን ሠሪዎቹ የፖዚክስን ሰነድ አንብበው ነው የሠሩት፤ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ያቺን ፋይል ዛሬ ማክ ላይ አስቀምጠው «ዱ»ን ቢጠይቋት 8 ትላለች። ሊኑክስ ላይ 4፤ ማብሪያውን ካበሩት በስተቀር።