የሃይብሪድ መኪና የባትሪ ቮልቴጅ መቀነስ፦ ምርመራና ጥገና

የሃይብሪድ መኪና የባትሪ ቮልቴጅ መቀነስ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ኃይል ተጋግዘው በሚሠሩ መኪኖች ላይ የሚደርስ ብልሽት ነው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይይዛል። አንደኛው የ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ መድከም ሲሆን ሁለተኛው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ መዳከም ነው። ምልክታቸው አንዳንዴ ይመሳሰላል፤ የጥገና ወጪያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ የሚጀምረው ሁለቱን በመለየት ነው። ይህ መጣጥፍ በዋናነት የሚመለከተው ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነውን ሁለተኛውን ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ነው።

ሁለቱ ባትሪዎች

ፕሪየስ በጃፓን ለሽያጭ የቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለተኛው ትውልድ ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይገኛል፤ ዓይነቱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። በተከታታይ የተያያዙ 28 ሞጁሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሞጁል ደግሞ ባለ 1.2 ቮልት 6 ሴሎችን ይይዛል። አንዱ ሞጁል 7.2 ቮልት፣ ባትሪው በጠቅላላ 201.6 ቮልት ይሆናል ማለት ነው። የባትሪው ኮምፒውተር ሞጁሎቹን ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በ14 ብሎኮች ይከታተላል። ዕድሜው እንዲረዝም ሲባል ባትሪው ጥግ ድረስ እንዲሞላም ሆነ ጨርሶ እንዲያልቅ አይፈቅድም፤ ቻርጁን በአብዛኛው 60 በመቶ አካባቢ ያቆየዋል።

የ12 ቮልቱ ባትሪ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ፕሪየስ የተለመደው ሞተሪኖም ሆነ ዲናሞ የለውም፤ የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው በትልቁ ባትሪ የሚሠራ ሞተር ጀነሬተር ነው። የትንሹ ባትሪ ድርሻ ኮምፒውተሮቹን ማንቃትና የትልቁን ባትሪ መስመር የሚያገናኙትን ሪሌዎች ማሠራት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው ምልክት ከበራ በኋላ ኮንቨርተር ከትልቁ ባትሪ ኃይል እየወሰደ ትንሹን ይሞላል።

የትንሹ ባትሪ ምርመራ

መብራቶች ሲፈዙ፣ በር በሪሞት አልከፍት ሲል፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ብዙ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንዴ ሲበሩ ወይም መኪናው «ሬዲ» አልል ሲል በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ትንሹ ባትሪ ነው። መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ ያህል ይቀረዋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። «ሬዲ» ላይ እያለ 14 ቮልት ገደማ ካላሳየ ጥፋቱ ከባትሪው ይልቅ ከኮንቨርተሩ፣ ከፊውዝ ወይም ከላላ ገመድ ሊሆን ይችላል።

ከሌላ መኪና በገመድ ሲነሳ ፖዘቲቩ የሚያያዘው ከፊት ኮፈን ሥር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ፣ ለዚሁ በተዘጋጀው ጫፍ ላይ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን ማቀያየር ዋናውን ፊውዝ ያቃጥላል፤ የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረውን ኢንቨርተርም ሊያበላሽ ይችላል። ትንሹ ባትሪ የሚቀመጠው በመኪናው ውስጠኛ ክፍል በመሆኑ፣ የሚተካው አዲስ ባትሪ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆን አለበት።

የትልቁ ባትሪ ምርመራ

የትልቁ ባትሪ መዳከም የሚታወቀው ቀዩ ሦስት ማዕዘን መብራት ሲበራ፣ የቻርጅ ማሳያው በደቂቃዎች ውስጥ ከሙሉ ወደ ባዶ ሲዋዥቅ፣ የኋላው ማቀዝቀዣ ፋን ሲጮኽ ወይም የቤንዚን ፍጆታ ሲጨምር ነው። በኮድ ማንበቢያ ሲታይ ብዙ ጊዜ ፒ0ኤ80 ይወጣል። ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ያሉት ኮዶች ደካማውን ብሎክ በተራ ቁጥሩ ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ ፒ3016 ስድስተኛውን ብሎክ ማለት ነው።

ኮዱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። መኪናው ዳገት ሲወጣና ፍሬን ሲይዝ የ14ቱን ብሎኮች ቮልቴጅ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ደካማ ብሎክ ኃይል ሲወጣ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሲሞላም ቀድሞ ይወጣል። ሌሎቹ 15.9 ቮልት ሲያነቡ አንዱ 14.6 ላይ ከቀረ፣ የጎደለው የአንድ ሴል ያህል ስለሆነ በዚያ ብሎክ ውስጥ አንድ ሴል ሞቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

ጥፋቱ ከሞጁሉ ውጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሞጁሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ሰሌዳዎችና ቮልቴጅ የሚያነቡት ቀጫጭን ሽቦዎች በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ሞጁሉ ላይ በቴስተር የተለካው ከኮምፒውተሩ ንባብ ጋር ካልተስማማ፣ መጠገን ያለበት ሽቦው ነው።

ጥንቃቄ

የ201.6 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ያለ ሥልጠና አይነኩም። የሠለጠነ ባለሙያ መኪናውን ያጠፋል፣ ቁልፉን ያርቃል፣ የትንሹን ባትሪ ኔጋቲቭ ይነቅላል፣ ለ1,000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት አጥልቆ ብርቱካናማውን የአገልግሎት ሶኬት ያወጣል። ከዚያ ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቆ ዜሮ መሆኑን ይለካል። ሶኬቱ ወጣ ማለት ባትሪው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሞጁሎቹ ኃይላቸውን እንደያዙ ናቸው።

ጥገና

የዛጉ ሰሌዳዎች በብራሽ ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ። ብሎኖቻቸው የሚጠብቁት በ5.4 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ የሞጁሉን ጫፍ ከፕላስቲኩ ይነቅለዋል።

የሞተውን ሞጁል ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን የቀሩት በተመሳሳይ ዕድሜና ሙቀት ያረጁ ስለሆኑ በወራት ውስጥ ሌላው ሊከተል ይችላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ሁሉንም ይፈትሻል፦ በእያንዳንዱ ሞጁል ላይ የፊት መብራት አምፖል ለእኩል ደቂቃ አብርቶ ቮልቴጁ እንዴት እንደሚወርድ ያነጻጽራል። ለየብቻ እየሞሉና እያራገፉ አቅማቸውን ማቀራረብም የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሞጁሎቹ እንዳያብጡ ግራና ቀኝ ታስረው ይያዛሉ። ብዙዎቹ ከደከሙ ዘላቂው መፍትሔ በአዲስ ሴል የተሠራ ሙሉ ባትሪ ነው።

እንክብካቤ

የትልቁ ባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። የማቀዝቀዣው አየር መግቢያ ከኋላ ወንበር ጎን ስለሆነ በተሳፋሪ ቦርሳ ወይም ልብስ መሸፈን የለበትም፤ ፋኑም ከአቧራና ከእንስሳት ፀጉር መጽዳት አለበት። ማርሹ ኤን ላይ ሲሆን ትልቁ ባትሪ አይሞላም፤ በትራፊክ መጨናነቅ ረጅም ጊዜ ኤን ላይ መቆም ባትሪውን ያራግፋል። የቆመ መኪና ደግሞ በየሁለትና ሦስት ወሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መነዳት ይኖርበታል። የመኪና ባለቤት ትልቁን ባትሪ ለማስቀየር ከመስማማቱ በፊት የትንሹን ባትሪ ልኬት፣ የ14ቱን ብሎኮች ንባብና የሰሌዳዎቹን ሁኔታ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይገባዋል።