ኧርሱላ ለ ጉዊን እና የኔቡላ ሽልማት

ኧርሱላ ለ ጉዊን (እ.ኤ.አ. 1929 - 2018) በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ የተወለደች አሜሪካዊት የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ነበረች። በ1969 የታተመው «የጨለማ ግራ እጅ» የተባለው ልብ ወለዷ የሁጎንና የኔቡላን ሽልማቶች አስገኝቶላታል። ሁጎን በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ናት።

የእጩነት ውድቅ ማድረግ

የኔቡላን ሽልማት የሚሰጠው በወቅቱ የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ይባል የነበረው ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስዋፍ ሌም የክብር አባልነት ሰጥቶት ነበር። ሌም የአሜሪካን የሳይንስ ልብ ወለድ በብርቱ ስለነቀፈ ብዙ አባላት ተቆጡ፤ በ1976 አባልነቱ ተሰረዘ። ማኅበሩ ጉዳዩ የደንብ ነው ቢልም ለ ጉዊን ውሳኔውን ተቃወመች።

በ1977 «የጽጌረዳ ማስታወሻ» የተባለው ድርሰቷ ለኔቡላ ታጨ። ታሪኩ በአምባገነን መንግሥት ሥር የምትሠራ ሐኪምና በፖለቲካ የተጠረጠረ ታካሚዋን ይመለከታል። ለ ጉዊን ድርሰቷን ከእጩነት አወጣች። የፖለቲካ አለመቻቻልን ለሚያሳይ ታሪክ፣ ያንኑ አለመቻቻል ከፈጸመ ማኅበር ሽልማት መቀበል አሳፋሪ መስሎ ታይቷታል። ድርሰቱ በድምፅ አሸንፎ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ሽልማቱ ሁለተኛ ለወጣው ለአይዛክ አሲሞቭ ተሰጠ።

በኋላ ዘመን

ለ ጉዊን ሽልማትን በጠቅላላ አልጠላችም። በ2014 ከአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ፋውንዴሽን የክብር ሜዳሊያ ስትቀበል፣ ክብሩን ለረጅም ጊዜ ከሥነ ጽሑፍ ማዕድ ከተገለሉት የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ደራሲያን ጋር እንደምትጋራው ተናግራለች።